ሁለት ጋት

በኦልበሪ ጣቢያ፣ በመንፈቀ ሌሊት፣
"ውረዱ!" ይል ነበር፣ ፋኖሱን ከፍ አድርጎ አባቴ ከፊት።
ሌስተር ፔንጌሊ፣ ሻንጣ ተሸካሚ፣
ትከሻው ጎባጣ፣ ባቡሩን ከሩቁ፣ ሳይታይ ሰሚ።

ከሜልቦርን የመጣው እዚያው ያከትማል፤
ወደ ሲድኒ ሂያጁ ማዶ ጢሱን ያጨሳል።
የደቡቡ ሐዲድ ሰፋ ይላል በጋት፣
በአንድ ጋት አይደለም፤ ሁለት ጋት፣ ሁለት ጋት።
የጥንት ቀያሾች፣ በየፊናቸው፣
ጎረቤት መጠየቅ ውርደት መስሏቸው፣
እንዲህ ነው የተዉት።
ሁለት ጋት ምንድን ናት? የሕፃን ጫማ ናት፤
ግን ባቡር አይዘልላት።

ዳኛው ከነካባው፣ ሙሽራ ከነአበባው፣
እንቅልፉን ታቅፎ ይወርዳል ከአልጋው።
በዚያ ረጅም መድረክ፣ በብርድ፣ በጭጋግ፣
አገር ትባዝናለች ሻንጣ በመፈለግ።

በትምህርት ቤት ግን "አንድ ነን" ይሉናል፤
ደብዳቤ በአንድ ቴምብር ይሻገርልናል፣
ሳንቲሙም አንድ ነው፣ ሰንደቁም አንድ ነው፣
ጠላትም ከመጣ ካንቤራ ነው የሚያዘው።
ስድስት ጎረቤቶች በአንድ ጣሪያ ሊያድሩ፣
የሰጡትን ቁልፍ በወረቀት ቆጠሩ፤
ያልሰጡትን ግን በኪስ ይዘው ነው የቀሩ።
ሐዲዱ የግዛት፣ ፖሊሱም የግዛት፣
ፈተናም የግዛት፤
ወንዙማ ስሙ መሪ ነው፤ ማን እንደሚመራው፣ ብዙ ጣጣ አለበት።

እናቴ ዊኒፍሬድ፣ የማዶዋ መምህር፣
ድልድይ ተሻግራ ነው ወዶንጋ የምታስተምር፤
የእሷ ልጆች ሲያርፉ እኔ እፈተናለሁ፣
"ባንድ ቤት ሁለት ሐምሌ!" ስትል እሰማለሁ።

አጎቴ ሆራስ ደግሞ፣ በገዛ ማሳው ዳር፣
ቁጭ ብሎ ሲያጠምድ፣ ወንዙን ሲያማትር፣
መቀመጫው ደቡብ፣ መንጠቆው ሰሜን ነው፤
ውኃው እስከ ጠርዙ የሰሜኖቹ ነው።
"ዓሣው የት ተወልዶ?" ብሎ ዳኛ ጠየቀ፤
ዳኛው ቅጣት ጽፎ ብዕሩን አደረቀ።

በጦርነቱ ጊዜ፣ እኔ ገና ስድህ፣
ጦሩ የካንቤራ፣ ሐዲዱ የግዛት፣
ጥይቱ መሐል ላይ ባለቤት ያጣ ዕለት፣
አባቴ ተሸከመው፤ ሣጥን በሣጥን ላይ፣
ከሰፊው ወደ ጠባቡ፣ እስኪነጣ ሰማይ።
"ተጽፏል" ይል ነበር፣ "ያ ለነሱ፣ ይህ ለነኛ፤
መሐል የተረሳውን የምንሸከመው እኛ።"
አላማረረም ግን።
ያቺው ሁለት ጋት ናት ጫማ የገዛችልኝ፣
ዐይኔ ሲደክም ጊዜ መነጽር ያደረገችልኝ።

በስድሳ ሁለት ላይ አንድ ሐዲድ ተነጠፈ፤
ተሳፋሪው ሁሉ እንደተኛ አለፈ።
አባቴ ቆቡን ደፍቶ ወጣ እንደ ልማዱ፣
ፋኖሱን አንሥቶ፤ ማን ይውረድ ከመንገዱ?
"አንድ ሆንን" አለ። ደስታው እውነት ነው፤
እጆቹን የት እንደሚያኖር ግን ቸገረው።

አረጀሁ እኔም። ድልድዩ ተዘጋ በወረርሽኙ ዓመት፤
ካንቤራ መከረ፤ ቁልፉ ግን የግዛት።
ለእናቴ መቃብር አበባ አድርሼ፣
(ስሄድ ማንም የለም) ወደ ቤት ተመልሼ፣
አንድ ለጋ ፖሊስ፣ ጭምብሉ እስከ ዐይኑ፣
"ፈቃድ አለሽ እማማ?" አለኝ በትሕትና፣ ቀዝቅዞ ነበር ቀኑ።
የቤቴ ጣሪያ ይታያል ከዚያ፣
የዛገው ቆርቆሮ፣ የጭስ መውጫው፣ ከባሕር ዛፉ ወዲያ።
ወረቀቱን ስሻ ከኪስ ወደ ኪስ፣
ቦርሳዬን ያዘልኝ፣ ተቀብሎኝ ቀስ፣
"ከባድ ነው" አለኝ።
"የአባቴ ነው" አልኩት።
ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ በድልድዩ ብረት
መዳፌን አጋደምኩት፤
አንድ ጋት።
ሌላ ጋት።